አይጥ በበላ ኖርዌይ ተመታች

ወሬው የተጀመረው አቦሉ እንደወረደ ነው። ባለሱቁ ሌሊት ሌሊት ጆንያ የምትበሳበትን አይጥ ሲረግም ቆይቶ፣ «ፈረንጅ ሥራ ቢያጣ የአይጥ ዘር ይቆጥራል አሉ» አለ።

«ሥራ ቢበዛበት ነው» አልኩት። «አይጧ ከየት እንደገባች ያላወቀ ሰው ዕድሜ ልኩን ወጥመድ ሲያጠምድ ይኖራል።»

«ታዲያ ራሷን አይጠይቃትም?»

«ጠየቃት እንጂ። ከጅራቷ ጫፍ ቆርጦ ጠየቃት፤ እሷም መለሰች።»

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ስኒያቸውን አስቀምጠው ገቡበት። «ምን ያስጠይቃል? ስሟ ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? የኖርዌይ አይጥ ነው የምትባለው። ስምን መልአክ ያወጣዋል።»

«የሰውን ነው ጋሼ። የአይጥን ስም ያወጣው ጎረቤት ነው።»

በዚህች መልስ እስከ በረካው ድረስ ተከራከርን። እዚያ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው፤ ምክንያቱም ነገሩ ከአይጥ ይበልጣል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ስንል ኖረናል። አንዱ ዳዋ ኖርዌይ ነበረች። ከተማ ውስጥ በየቱቦው የምትርመሰመሰውን፣ ትልቋን ቡናማ አይጥ፣ ጆን በርክንሃውት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1769 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በላቲን «የኖርዌይ» ብሎ መዘገባት። ከኖርዌይ እንጨት ጭነው በመጡ መርከቦች ወደ እንግሊዝ የገባች መስሎት ነበር። በቃ፣ ራተስ ኖርቬጂከስ ሆና ቀረች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቻርልስ ዲከንስ ያቋቋመው መጽሔት ይህንን ክስ አንሥቶ፣ ቡናማዋ አይጥ በእንግሊዝ በሞላችበት ጊዜ ኖርዌይ ጭራሽ አታውቃትም ነበር ሲል ጻፈ። ተከሳሿ ሀገር በወንጀሉ ቀን እቦታው አልነበረችም ማለት ነው። ስሙ ግን አልተነሣም።

ደግሞ እንግሊዞች በኖርዌይ ብቻ አላበቁም። በ1714 ከጀርመን ምድር ከሃኖቨር የመጣው ጆርጅ ቀዳማዊ ሲነግሥ፣ ቤተ መንግሥቱን የማይወዱ ወገኖች ያችኑ አይጥ «የሃኖቨር አይጥ» አሏት። ከንጉሡ ጋር በአንድ መርከብ መጣች ተባለ። አንዲት አይጥ፣ ሁለት ሀገር፤ ሁለቱም ሀሰት። ንጉሥ የጠላ ሰው አይጥን በንጉሡ ስም ጠራ፤ ጎረቤት የጠላ ሰው በጎረቤቱ ስም ጠራ። አይጧን ያያት የለም፤ ሁሉም ያየው የሚጠላውን ነው።

«የሁሉም ሀገር ሰው እንዲህ ነው» አሉ መምህሩ።

«የእኛ ሰው አንድ ጊዜ እንዲህ አላደረገም ጋሼ» አልኩ። ይህንን ስናገር ደስ ይለኛል። በ1918 ዓለምን ያጠፋውን ጉንፋን ዓለም «የስፔን» ብሎ ጠራው። ስፔን ጥፋቷ በጦርነቱ ገለልተኛ ሆና ጋዜጦቿ ስለ በሽታው በግልጽ መጻፋቸው ነበር። የእኛ ሰዎች ግን ከቀያቸው ሰው እየረገፈ፣ የሚቀብር ጠፍቶ እያዩ፣ ስሙን «የኅዳር በሽታ» አሉት። የመጣበትን ወር ጠሩ፣ የማንንም ሀገር አላነሡም። ዛሬም ኅዳር 12 ቆሻሻውን ሰብስበን ስናጥን የምንከሰው ሕዝብ የለም፤ የምናጠራው ግቢያችንን ነው።

ቡናውን የሚያፈሉልን እትዬ ቶናውን እየቀዱ፣ «መቼስ ስሙ ተሳስቷል እንበል። እውነቱን አይጧ እንዴት ትናገራለች?» አሉ።

«ብራና እንደሚናገረው ነው እትዬ።»

ሴትዮዋ የቄስ ልጅ ናቸው፤ ገባቸው። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ አንድ ቦታ ላይ በ«ሐ» ፋንታ «ኀ» ቢጥል፣ ከእርሱ ቅጅ የሚገለብጠው ደቀ መዝሙር ያንኑ ስሕተት ይወርሳል። ደቀ መዝሙሩ ደግሞ የራሱን አንድ ስሕተት ይጨምርበታል። ከብዙ ዘመን በኋላ ሁለት ብራና ከሁለት ሩቅ ደብር ብታመጡ፣ ያንኑ ዓይነት ስሕተት በዚያው መስመር ላይ ከተሸከሙ፣ ከአንድ እናት ቅጅ መውረዳቸውን ታውቃላችሁ። የማንኛችንም ዲኤንኤ እንዲሁ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይስታል። የስሕተቱ ዝርዝር የጉዞው መዝገብ ይሆናል። በተለይ ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሴል ክፍል የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው፤ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ ከአባት ወገን ጋር ሳይደባለቅ የእናትን ሐረግ ይዞ ይዘልቃል። መላው ጂኖም ሲነበብ ደግሞ የእናትም የአባትም መንገድ ይታያል።

ኤሚሊ ፓኬት፣ በኒው ዮርክ የፎርድሃም ዩኒቨርሲቲው ጄሰን ሙንሺ-ሳውዝና ባልደረቦቻቸው በ2016 ያሳተሙት ጥናት ይህንን አደረገ። ከብዙ ሀገር ከ300 በላይ ቡናማ አይጦች ሰብስበው፣ በእያንዳንዷ ላይ ወደ 32 ሺህ የሚጠጉ የፊደል ልዩነቶችን አነበቡ። የትውልድ ቦታዋ ሰሜናዊ ቻይናና ሞንጎሊያ ነው። ከዚያ አንዱ ወገን ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ወረደ። ሌላው በሩሲያ በኩል ወደ አሉሺያን ደሴቶች ተሻገረ፤ ሌላው ደግሞ ለብቻው ወደ ምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ገባ። ወደ ምዕራብ የተጓዘው ወገን አውሮፓን ያዘ። ከአውሮፓም ቅኝ ገዥና ነጋዴ በሄደበት ሁሉ፣ ወደ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ወደ አፍሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተጫነች። የኒው ዮርክ አይጥ አያቶቿ ከምዕራብ አውሮፓ ናቸው።

ያቺ የእንግሊዝ አይጥ እንግዲህ ከኖርዌይ አልተወለደችም። ይልቁንም ለሌላው ዓለም እየጫኑ ካደሏት መካከል እንግሊዝ ራሷ አለችበት። ጣት የቀሰረው እጅ የራሱን መርከብ አላየም።

ባለሱቁ እዚህ ላይ ተነሣና የልቤን ነካው። «ወንድሜ፣ እኛ ሀገር ዘር ቆጠራ በሰው ላይ አልበቃ ብሎ አሁን በአይጥ ልትጀምር ነው?»

ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፤ እንደ ቀልድም አልመለስኩለትም። «አንተ የምትፈራው ዘር ቆጠራ ጥፋተኛውን አስቀድሞ መርጦ ማስረጃ ፍለጋ የሚወጣ ነው። ይኼኛው ማስረጃውን አስቀድሞ ይዞ በሩን ፍለጋ ይወጣል» አልኩት። «ያኛው ሰው ያስወጣል፤ ይኼኛው ቀዳዳ ይደፍናል።»

ይህንን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኖርበት በነበረ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ አንድ እህል የሚነግድ ቤተሰብ ተከራይቶ ገባ። በሁለት ወር ውስጥ ደረጃው ሥር አይጥ ታየ። ነዋሪው ተሰበሰበ። «እነሱ ናቸው ይዘው የመጡት» ተባለ፤ ማንም «እንዴት አወቅን?» አላለም። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር፤ አፌን አልከፈትኩም። ቤተሰቡ ልጆቹን ይዞ ወጣ። ክረምቱ ሲገባ ቱቦው ሞልቶ ደረጃው ሥር ሲቆፈር፣ የፍሳሹ ክዳን ተሰንጥቆ፣ ስንጥቁ በአይጥ ጠጉርና ቅባት ጠቁሮ ተገኘ። ከሥሩ የተቆለለው ኩስ የሁለት ወር አይደለም፤ የዓመታት ነበር። ሲሚንቶ ተቦክቶ ተደፈነ፣ አይጡም ቀረ። ቤተሰቡን ግን የጠራው የለም። እኔ «ከየት ገባች?» የሚለውን ጥያቄ የምወደው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው፤ ጥያቄው በጊዜው ቢጠየቅ ኖሮ አንዲት እናት ዕቃዋን በጋሪ ጭና በጎረቤቶቿ ፊት አታልፍም ነበር።

«ለኮንዶሚኒየም ሲሚንቶ ይበቃል፤ ዲኤንኤ ምን ያደርጋል?» አሉ መምህሩ።

«ለኮንዶሚኒየም ይበቃል ጋሼ። ደሴት ግን በሲሚንቶ አይደፈንም።»

ደቡብ ጆርጂያን አስቡ። በደቡብ አትላንቲክ፣ ወደ አንታርክቲካ የተጠጋች፣ በረዶ የተጫናት ረጅም ደሴት ናት። ዛፍ የላትም፤ ስለዚህ ወፎቿ ጎጆ የሚሠሩት መሬት ላይና መሬት ሥር ነው። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1775 ከረገጣት በኋላ ለቆዳና ለቅባት የባሕር እንስሳት የሚያድኑ መርከቦች ጎረፉባት፤ ከመርከቦቹም አይጥ ወረደ። አይጥ ዐይታ የማታውቅ ወፍ ከአይጥ አትሸሽም። ተቀምጣ ትበላለች፤ እንቁላሏም ጫጩቷም ይበላል። በዚያ ቀዝቃዛ ዓለም ብቸኛዋ ዘማሪ ወፍ፣ የደቡብ ጆርጂያ ፒፒት፣ ከዋናዋ ደሴት አብዛኛው ክፍል ጠፍታ አይጥ ባልደረሰባቸው ትንንሽ ደሴቶችና ጥቂት ጥጋ ጥጎች ብቻ ቀረች። ሁለት መቶ ዓመት ያህል እንዲህ ሆነ።

ደሴቲቱ አንድ የተደበቀ ዕድል ነበራት። ከተራራው እስከ ባሕሩ የሚወርዱ የበረዶ ግግሮች የባሕሩን ዳርቻ እንደ አጥር ከፋፍለውታል። አይጥ ግግሩን ትሻገራለች ወይስ አትሻገርም? የምትሻገር ከሆነ አንዱን ክፍል ማጽዳት ከንቱ ድካም ነው፤ ከጎረቤት ትመለሳለች። የማትሻገር ከሆነ ግን እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው እንደ ደሴት ነው፤ ተራ በተራ ማጽዳት ይቻላል። ይህንን በዐይን ማየት አይቻልም፤ ማንም ግግር ላይ ተቀምጦ አይጥ ሲጠብቅ አያድርም። ብሩስ ሮበርትሰንና ኒል ጌሜል በ2004 ያሳተሙት ሥራ አይጦቹን ጠየቀ። በግግር ተለያይተው ከሚኖሩ ሁለት ወገኖች ዲኤንኤ ወስደው ሲያመሳክሩ፣ ሁለቱ ተለያይተው የኖሩ ቤተሰቦች ሆነው ተገኙ። ግግሩ አጥር ነበር።

ከዚህ ደግሞ ሌላ ነገር ተወለደ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። መርዝ ከተረጨ በኋላ አንዲት አይጥ ብትታይ ትርጉሟ ሁለት ነው፤ ወይ የተረፈች ናት፣ ወይ የመጣች ናት። የተረፈች ከሆነች ጉድለቱ የአረጫጨቱ ነው፤ መድገም ያስፈልጋል። የመጣች ከሆነች አረጫጨቱ ጥሩ ነበር፣ ችግሩ በሩ ነው፤ መርከቡን መፈተሽ ያስፈልጋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ትክክለኛውን ሥራ ጥሎ የተሳሳተውን ይደግማል። ከዘመቻው በፊት የነበሩት አይጦች ዲኤንኤ በመዝገብ ካለ፣ አዲሷ አይጥ ከእነሱ ትወለድ እንደሆነ ቤተ ሙከራው ይናገራል።

የደቡብ ጆርጂያ ቅርስ የተባለው በጎ አድራጊ ድርጅት በ2011፣ በ2013 እና በ2015 በሄሊኮፕተር እየዞረ መርዝ የተቀላቀለበት ምግብ ረጨ። ጥድፊያም ነበረበት፤ ዓለም እየሞቀ ሲሄድ ግግሮቹ ወደ ኋላ እየሸሹ፣ አጥሩ እየፈረሰ ነበር። ከዚያም ደሴቲቱ በሠለጠኑ ውሾችና አይጥ በምታኝካቸው የሰም ማታለያዎች ተፈተሸች። በ2018 ግንቦት ወር ከአይጥ ነጻ ናት ተባለ። ፒፒቷ ሁለት መቶ ዓመት ባልዘመረችበት ዳርቻ ላይ ተመልሳ ጎጆዋን ሠራች። ይህንን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ ለማንም አላፍርበትም።

«አንዲት አይጥ ብትቀር ምን ታመጣለች?» አለ ባለሱቁ።

«የራዛን ታሪክ ስማ።»

ጄምስ ራስልና ባልደረቦቹ በኒውዚላንድ፣ በ2004፣ ሆን ብለው ራዛ የተባለ አንድ ወንድ ቡናማ አይጥ በአንገቱ ሬዲዮ አስረው አይጥ በሌለባት ሞቱሆሮፓፓ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ለቀቁት። ዓላማቸው ቀላል ነበር፤ አንድ ብቻውን የገባ አይጥ ለመያዝ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ወጥመድ አጠመዱ፣ መብል አስቀመጡ፣ ውሻ አሰማሩ። አልተያዘም። ከአሥር ሳምንት በኋላ የሬዲዮው ድምፅ ጠፋ። ቆይቶ ኦታታ በምትባል ሌላ ደሴት ላይ፣ ከአይጥ ነጻ በነበረች ምድር፣ የአይጥ ኩስ ተገኘ። መካከላቸው 400 ሜትር ባሕር አለ።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚከብደው። ይህ ኩስ የራዛ ነው ወይስ የሌላ? የሌላ ከሆነ ደሴቷ ሌላ ወራሪ ገብቶባታል፣ ምናልባትም ጥንድ ሆኖ። ከኩሱ ዲኤንኤ ወስደው ሳይለቁት በፊት ከወሰዱት ጋር አመሳከሩ። ራሱ ነው። ባሕሩን ዋኝቶ ተሻግሯል። በመጨረሻ በአሥራ ስምንተኛው ሳምንት ተያዘ፤ ታሪኩም በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ቀጥሎም ዊቲ ኢሂማኤራ የተባለው የማኦሪ ደራሲ ለልጆች መጽሐፍ አድርጎ ጻፈለት። ራዛ ወንድ ነበር፣ ብቻውንም ነበር። ያረገዘች ሴት ብትሆንስ ኖሮ?

ባለሱቁ ዝም አለ። ቤቱ ያለችው አይጥ ብቻዋን እንዳልሆነች ያውቃል።

እትዬ ግን ወደ ሌላ ነገር ሄዱ። «እነዚህ ሰዎች ደሴት ያጸዳሉ፣ ይሁን። ከዚህ ውጭ የአይጥ ዘር ማወቅ ለሰው ምን ይጠቅመዋል?»

«ሰው ያልጻፈውን የራሱን ታሪክ አይጥ ጽፋለት ተገኘች እትዬ።»

በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ማኦሪዎች ኪዮሬ የሚሏት ትንሽ አይጥ አለች። ያን የሚያህል ባሕር በራሷ ልትዋኘው አትችልም፤ በእያንዳንዷ ደሴት ላይ የደረሰችው በሰው ታንኳ ነው፤ ሰዎቹ ይበሏትም ነበር። ሊሳ ማቲሱ-ስሚዝ የተባለችው ተመራማሪ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኪዮሬን የእናት ሐረግ እያነበበች የፖሊኔዥያ ሰዎች በየትኞቹ ደሴቶች መካከል ይመላለሱ እንደነበር አሳየች። መርከበኞቹ ማስታወሻ አልጻፉም። አይጧ በደሟ ያዘችላቸው።

ሮማውያንም እንዲሁ። ጥቁሯ አይጥ፣ ከቡናማዋ ቀድማ የነበረችው፣ ወደ አውሮፓ የገባችው የሮማ እህል መርከብና ጎተራ ሲስፋፋ ነው። በ2022 የወጣ ጥናት ከአሮጌ አጥንቶች ጂኖም አውጥቶ አነበበ። የሮማ መንግሥት በምዕራብ ሲፈርስ፣ ንግዱ ሲደክም፣ በ6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ አይጧም ከምዕራብና ሰሜን አውሮፓ ጠፋች። በመካከለኛው ዘመን ንግድ ሲያንሰራራ ተመልሳ መጣች፤ ግን የጠፋችው ተነሥታ አልነበረም፣ ሌላ ወገን ነበር። ገበያው ሲሞት አይጡ ይሞታል፤ ገበያው ሲነሣ ሌላ አይጥ ይመጣል። የነጋዴ ጓዝ ናት፤ ያለ ጆንያ አትኖርም። በቀይ ባሕር ዳርቻም ቢሆን፣ በግብፅ ቁሴይር በተባለው የሮማውያን ዘመን ወደብ፣ በተቀበረች ድመት ሆድ ውስጥ የጥቁር አይጥ አጥንት ተገኝቷል። የእህል ጎተራ ባለበት ሁሉ ድመቷ ሥራ ፈትታ እንደማታውቅ ከዚህ ይታያል።

መምህሩ ይህችን ድመት ወደዷት። «እንግዲያው መፍትሔው ይኸው፤ ድመት ማሳደግ። አይጥ የተባለውን ሁሉ ማጥፋት።»

«ሁሉንማ አይደለም ጋሼ! ባሌን ሊያራቁቱብን ነው?»

በባሌ፣ በሳነቴ አምባ ላይ፣ ከመሬት ሥር የሚኖር ግዙፍ ፍልፈል አለ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ቀይ ቀበሮአችን፣ ዓለም የሚሳሳላት፣ እየተሹለከለከች ከጉድጓዱ አፍ የምትጠብቀው እርሱንና ሌሎች የደጋ አይጦችን ነው። እነዚህ በመርከብ የመጡ አይደሉም፤ ተራራው ሲያሳድጋቸው የኖሩ የቤት ልጆች ናቸው። ፍልፈሉ ቢጠፋ ቀበሮዋ ምን ትበላለች? ስለዚህ ዘር የማወቅ ጥቅም ወራሪውን ለማጥፋት ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱን ለይቶ ለማዳንም ነው። «አይጥ ነው» ብሎ መርዝ የሚረጭ እጅ የቀበሮዋን ቀለብ ያጠፋል።

መርዝ ደግሞ ለይቶ አይገድልም። ይህንን ሳልናገር ብተው ለወፎቹ ተቆርቋሪ ነኝ ማለት አልችልም። ቅድም ባነሣኋቸው አሉሺያን ደሴቶች አንዷ በእንግሊዝኛ «የአይጥ ደሴት» ትባል ነበር። ከ1780 በፊት የጃፓን መርከብ ተሰብሮባት አይጥ ወረደባት፤ በ1827 ፊዮዶር ሊትከ የተባለው የሩሲያ መርከበኛ የአይጥ ደሴት ብሎ በካርታ ጻፋት። ወፎቿ ተበሉ፣ ዝምታ ወረሳት። በ2008 መጸው በሄሊኮፕተር መርዝ ተረጨ፤ አይጡም አለቀ። ነገር ግን ከ40 በላይ ራሰ ነጭ ንስሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ የባሕር ወፎችም ሞተው ተገኙ። የተረጨው መጠንና የሬሳው አለመሰብሰብ ብዙ አስነቀፈ፤ መነቀፉም ይገባ ነበር። ዐይን ያለው ሰው ይህንን ሳይደብቅ ይቆጥራል፤ የሚቀጥለው ዘመቻ ንስር እንዳይገድል።

እትዬ በረካውን ቀዱ። «ለመሆኑ» አሉ፣ «ያቺ ኖርዌይ ስሟ ተመለሰላት?»

«አልተመለሰላትም። በእንስሳት አሰያየም ሕግ መጀመሪያ የተመዘገበ ስም፣ ሀገሩን ቢስትም፣ አይቀየርም። በየቤተ ሙከራው፣ በየመጽሐፉ ዛሬም የኖርዌይ አይጥ ናት።»

«ግፍ ነው» አሉ።

«ግፍ ነው። ደሴቷ ግን ተመልሶላታል።»

«የቷ?»

«ያቺ የአይጥ የምትባለው። አይጡ አልቆ ወፎቹ መመለስ ሲጀምሩ፣ የአካባቢው የአሌውት ሰዎች አያቶቻችን የጠሯት ስም ይመለስልን ብለው ጠየቁ። በ2012 የአሜሪካ የቦታ ስሞች ቦርድ ፈቀደ። ዛሬ በካርታው ላይ ሃዋዳክስ ናት።»

መምህሩ ስሙን ለራሳቸው ደገሙት። ከዚያ ስኒያቸውን ለእትዬ አቀበሉና፣ «እስቲ ያንን የምድር ቤት ቤተሰብ» አሉኝ፣ «አሁን የት እንዳሉ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ባለሱቁ ግን ስልኩን አወጣ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ጤፍ የሚያመጣለት አባትየው ነው።